"ዶክተር፣ ይሄን ገዝቼ ልላክላችሁ?" ከአሜሪካ የመጣ ሊንክ እና የኩላሊታችን ጥያቄ

  

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ውሃችሁን አጠገባችሁ አድርጋችሁ አንብቡት። ውሃውን ለምን እንዳልኩ መጨረሻ ላይ ይገባችኋል 😊

በቅርቡ እዚሁ ሳቢያን አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ፤ እንድጽፈውም ፈቅደውልኛል።) አባባ ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል። በድሬዳዋ እና በጅቡቲ መንገድ ለረጅም ዓመታት የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። አሁን ኩላሊታቸው ከሥራ ውጪ ሆኖ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይታጠባሉ። ልጃቸው ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ "የእኔን ኩላሊት ይውሰዱ" ብላ ከወሰነች ቆይታለች።

ስልኳን አውጥታ "ዶክተር፣ ወንድሜ ሊያናግርዎት ይፈልጋል" አለችኝ። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሟ ነው፣ እዚያ ሌሊት ነበር። ድምፁ የደከመ ነው።

"ዶክተር፣ እዚህ እኔም ለመስጠት ብዬ ጠይቄ ነበር። ዘራችሁ ከአፍሪካ ከሆነ አፖኤል1 የሚባል ምርመራ ልታደርግ ትችላለህ አሉኝ። ቤት ገብቼ ስፈልግ ሊንኩን የላክሁልዎትን አገኘሁ። እሱን ገዝቼ ልላክላችሁና የአባቴንም የእህቴንም ደም እዚያው ላብ ውስጥ እዩልኝ። በዘራችን ካለ እህቴ ኩላሊቷን ሰጥታ ነገ እሷም እንደ አባቴ እንዳትሆን ፈራሁ።"

ሊንኩን ከፈትኩት። አንዲት ትንሽ ብልቃጥ። ውስጧ 100 ማይክሮ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የውሃ ጠብታ ያህል ፈሳሽ አለ። ዋጋው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር። መግለጫው "የሰውን አፖኤል1 ፕሮቲን የሚለይ አንቲቦዲ፣ ከጥንቸል የተሠራ" ይላል። ከታች በትንሽ ፊደል ደግሞ፦ "ለምርምር ሥራ ብቻ። ለበሽታ ምርመራ አይውልም።"

ይህ ሰው ለእህቱ ፈርቶ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ የሠራው ነገር ነው። "አይ፣ አይሆንም" ብዬ ስልኩን መዝጋት አልፈለግሁም። እናም ለሱ ያስረዳሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ብዙዎቻችሁ "ይሄን ምርመራ ውጭ አገር አየሁት" እያላችሁ በኢንቦክስ ትጠይቁኛላችሁና።

🔹 ለመሆኑ አፖኤል1 ምንድነው?

ዘይትና ውሃ እንደማይዋሃድ ታውቃላችሁ። ደማችን ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ስብ በደም ውስጥ ብቻውን መጓዝ አይችልም፣ የሚጭነው ባጃጅ ይፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ስብን የሚይዙ ፕሮቲኖች ናቸው። አፖኤል1 ከእነሱ አንዱ ነው። በተለምዶ "ጥሩው ኮሌስትሮል" በምንለው በኤችዲኤል ላይ ተሳፍሮ ይዞራል።

ግን ዋና ሙያው ስብ መሸከም አይደለም፤ ወታደር ነው። ከብት የሚጨርሰውን ገንዲ የሚባል በሽታ አርሶ አደሮቻችን በደንብ ያውቁታል። የፄፄ ዝንብ የምታስተላልፈው ትሪፓኖሶም የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው የሚያመጣው። ያቺው ዝንብ ሰውንም ትነድፋለች። ታዲያ ከብቱን የሚገድለው ተሕዋስ እኛን ለምን አይገድለንም? መልሱ የተገኘው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፦ አፖኤል1። ተሕዋሱ ምግብ መስሎት ኤችዲኤሉን ሲውጥ አፖኤል1ንም አብሮ ይውጠዋል። ከገባ በኋላ ቀዳዳ ይከፍትበታል፣ ተሕዋሱ አብጦ ይፈነዳል።

ይህን መከላከያ ማለፍ የቻሉ ሁለት የተሕዋሱ ዝርያዎች አሉ፣ በሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታ የሚያመጡት እነሱ ናቸው። (በአገራችንም ደቡብ ውስጥ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ በ2022 እ.ኤ.አ. እንደገና መታየቱን ልብ በሉ።)

እዚህ ላይ ነው የኩላሊቱ ጉዳይ የሚመጣው። በተለይ በምዕራብ አፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ከዘመናት በፊት የአፖኤል1 ጂን ላይ ሁለት ዓይነት ለውጦች ተፈጠሩ፤ ጂ1 እና ጂ2 ይባላሉ። እነዚህ ለውጦች መከላከያውን ያለፈውን ተሕዋስ ለመዋጋት ይረዳሉ። ስለዚህ ያላቸው ሰዎች ተረፉ፣ ወለዱ፣ ለውጡም ተስፋፋ። ግን በነፃ የሚገኝ ነገር የለም፦ ከእናትም ከአባትም ተቀብሎ ሁለት የተለወጠ ቅጂ ያለው ሰው በኩላሊት በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህ የታወቀው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ከጥቁር አሜሪካውያን 13 በመቶ ያህሉ ሁለት ቅጂ አላቸው። ልብ በሉ፣ ሁለት ቅጂ ካላቸውም አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ኩላሊታቸው ሳይደክም ይኖራሉ። ዕድሉ ይጨምራል እንጂ ፍርድ አይደለም።

ለዚህ ነው ወንድምየው አሜሪካ ውስጥ ያንን የተባለው። ኩላሊት ሰጪዎች ዘራቸው ከአፍሪካ ከሆነ የጂን ምርመራው ሊቀርብላቸው እንደሚችል ዓለም አቀፍ መመሪያው ይናገራል።

🔹 ብልቃጧ ውስጥ ያለው አንቲቦዲስ?

አንቲቦዲ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። የእርግዝና ምርመራ ስትሪፕ አይታችኋል? ጤና ጣቢያ ጣታችሁን ወግተው የወባ ፈጣን ምርመራ አድርገውላችኋል? መስመሯን የምታወጣው አንቲቦዲ ናት። አንቲቦዲ ሰውነታችን እንግዳ ነገር ሲያይ የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ አንድን ቅርጽ ለይቶ ይይዛል። ቁልፍና ቁልፍ ጉድጓድ በሉት።

ሳይንቲስቶች ይህን ችሎታ ይዋሱታል። የሰውን አፖኤል1 ለጥንቸል ይወጓታል። ጥንቸል የራሷ አፖኤል1 ስለሌላት ሰውነቷ "ይሄ ማነው?" ብሎ አንቲቦዲ ያመርትበታል። ከደሟ ተጣርቶ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ሌላው መንገድ አንዲት ሴል ብቻ መርጦ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ እንድታመርት ማድረግ ነው። የዚህ ዘዴ ፈጣሪዎች በ1975 እ.ኤ.አ. ሠርተውት በ1984 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ተመራማሪው ምን ያደርግበታል? ከሴል ወይም ከደም ፕሮቲኖችን አውጥቶ በመጠናቸው በተርታ ይለያያቸዋል፣ ከዚያ አንቲቦዲውን ያፈስበታል። አፖኤል1 ካለ አንቲቦዲው ይጣበቅበታል፣ ቦታው ላይ መስመር ይታያል። ወይም ስስ የኩላሊት ቁራጭ ላይ አድርጎ ፕሮቲኑ በየትኛው ሴል ውስጥ እንዳለ በማይክሮስኮፕ ያያል። በጣም ጠቃሚ የምርምር ዕቃ ነው።

ግን ለዚህ ቤተሰብ ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ሦስት ምክንያት አለኝ።

1️⃣ ጥያቄው ሌላ ነው። አንቲቦዲው የሚመልሰው "ፕሮቲኑ አለ ወይስ የለም?" የሚለውን ነው። አፖኤል1 ደግሞ ከሞላ ጎደል በጤነኛ ሰው ሁሉ ደም ውስጥ አለ። የእኔም፣ የእናንተም፣ የአባባም ናሙና ላይ መስመር ይወጣል። ጂ1 እና ጂ2 ማለት ከ398 የፕሮቲኑ ጡቦች የአንድ ወይም የሁለቱ መቀየር ወይም መጉደል ነው፤ የተለመዱት አንቲቦዲዎች ይህን አይለዩም። ለውጡን ማወቅ የሚቻለው ከደም ወይም ከምራቅ ዲኤንኤ ወስዶ ጂኑን በማንበብ ነው።

2️⃣ በደም ውስጥ ያለው መጠን ስለ ኩላሊት አይነግረንም። ደም ውስጥ የሚዞረውን አፖኤል1 በአብዛኛው የሚሠራው ጉበት ነው። ኩላሊትን የሚጎዳው ግን ኩላሊት ራሱ ውስጥ የሚሠራው ነው። ይህን ያስተማረን ንቅለ ተከላ ነው፦ ሁለት የተለወጠ ቅጂ ካለው ሰው የተወሰደ ኩላሊት፣ ተቀባዩ ምንም ዓይነት ጂን ይኑረው፣ ቶሎ የመድከም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። አደጋው ከኩላሊቱ ጋር አብሮ ይሄዳል ማለት ነው።

3️⃣ አንቲቦዲም ይሳሳታል። አፖኤል1 በጣም የሚመስለው ወንድም አለው፣ አፖኤል2 ይባላል። በ2020 እ.ኤ.አ. አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በገበያ ላይ ያሉ የአፖኤል1 አንቲቦዲዎችን ሰብስቦ ፈተናቸው። የተፈተኑት በሙሉ ሌሎች ፕሮቲኖችንም፣ በተለይ አፖኤል2ን፣ አብረው ይይዙ ነበር! ሰፈር ውስጥ "አህመድ!" ብሎ ተጣርቶ ሦስት ሰው ሲዞር በሉት። ቡድኑ አፖኤል1ን ብቻ የሚይዙ አዳዲስ አንቲቦዲዎች ሠራ። በእነሱ ሲታይ ፕሮቲኑ በአብዛኛው በሴሉ ውስጥ፣ ጥቂቱ ደግሞ በኩላሊት ማጣሪያ ሴሎች ገጽ ላይ ተገኘ። ትክክለኛ መሣሪያ ሲገኝ ትክክለኛ ሥዕል ይመጣል።

ተቃራኒውን ስህተት ደግሞ በአገራችን እናውቀዋለን። በብዛት ስንጠቀምባቸው የነበሩ የወባ ፈጣን ምርመራዎች የሚፈልጉት ተሕዋሱ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የዚያ ፕሮቲን ጂን የጠፋባቸው የወባ ተሕዋሶች ተገኝተዋል። ሰውየው ወባ ይዞት ስትሪፑ "የለም" ይላል። አንቲቦዲ የሚያየው የተማረውን ብቻ ነው።

"ለምርምር ሥራ ብቻ" የምትለዋ ጽሑፍ ጌጥ አይደለችም ማለት ነው። "ይህን ይዘህ የሰው ሕይወት ላይ ውሳኔ አትወስን፣ ለዚያ አልተፈተነም" ማለቷ ነው። እና ደግሞ እባካችሁ፦ አንቲቦዲ የሆነ መድኃኒት አለ፣ ይህቺ ግን መድኃኒት አይደለችም። ወደ ሰውነት የምትገባ ነገር አይደለችም።

🔹 ስለ እኛስ ምን ይታወቃል?

ወንድምየው በስልክ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ "እሺ ዶክተር፣ ታዲያ በዘራችን አለ ወይስ የለም?" አለኝ። ይሄ ነው ትክክለኛው ጥያቄ። ለዚህ ደግሞ ደስ የሚል መልስ ነበረኝ።

ኤችአይቪ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ኩላሊትን በፍጥነት የሚያጠፋ በሽታ ያመጣል። በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ በስፋት ታይቷል። ሐይፋ፣ እስራኤል የሚሠሩ ሐኪሞች ግን አንድ ነገር ግራ ገባቸው፦ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ኢትዮጵያውያን ላይ ይህ የኩላሊት በሽታ አልተገኘም። በ2006 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጽፈው አሳተሙ። ምክንያቱ ግን ያኔ አልታወቀም ነበር።

በ2010 ጂኑ ሲታወቅ እንቆቅልሹ ተፈታ። ከ12 የአፍሪካ ሕዝቦች የተወሰዱ 676 ናሙናዎች ተመረመሩ። ከእነዚህ 304ቱ ከአራት የኢትዮጵያ ሕዝቦች የተወሰዱ ነበሩ። በምዕራብ አፍሪካ በብዛት የተገኘው ጂ1 በኢትዮጵያውያኑ ላይ አንድም አልታየም። በ2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም የተሳተፉበት ጥናት ኤችአይቪ ያለባቸው ኢትዮጵያውያንን ከዚሁ የኩላሊት በሽታ የጠበቃቸው የእነዚህ ለውጦች አለመኖር እንደሆነ አሳየ። በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ሁለት ቅጂ ያለው ሰው በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድሉ 29 እጥፍ ይበልጣልና ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ "አፍሪካዊ" የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ስታደርጉ አፍሪካ አንድ ዘር እንዳልሆነች አስታውሱ። ሐኪማችሁ ምርመራውን ቢያዝላችሁ ግን አትፍሩት፣ አድርጉት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነው።

⚠️ ይህን ግን በስህተት እንዳትረዱት። 304 ሰው ሁላችንም አይደለንም። ከሰማንያ በላይ ብሔረሰቦች ያሉባት አገር ናት፤ ተጋብተን ተዋልደናል፤ በተለይ ድሬ! ደግሞም ከአንድ አደጋ መዳን ከሁሉም መዳን አይደለም። አባባ ይህ ጂን ባይኖራቸውም ኩላሊታቸው ደክሟል።

🔹 ታዲያ የአባባን ኩላሊት ምን ጎዳው?

ታሪካቸውን ስጠይቅ ያገኘሁት ይሄ ነው። ግፊት እንዳለባቸው ከብዙ ዓመት በፊት ተነግሯቸዋል። "ምንም አያመኝም" ብለው መድኃኒቱን ይወስዱታል፣ ይተዉታል። ወገባቸውን ሲያማቸው ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ ይገዛሉ፤ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። በዚያ በረሃ ደግሞ ሽንት እንዳያስቆማቸው ብለው ውሃ አይጠጡም።

"ልጄ፣ ማንም አልነገረኝም እኮ" አሉኝ። ይህቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት!

የጂን ጉዳይ ትኩረት ይስባል፣ ግን የድሬን ሰው ኩላሊት በየቀኑ የሚጎዳው ተራ ነገር ነው፦

✅ ግፊት እና ስኳር። ሁለቱም ለዓመታት ሳያምሙ ይጎዳሉ። መድኃኒታችሁን "ተሻለኝ" ብላችሁ አታቋርጡ፤ የተሻላችሁ ስለወሰዳችሁት ነው።

✅ የህመም ማስታገሻ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን እና መሰሎቻቸው ኩላሊት ላይ ጫና ያሳድራሉ፣ በተለይ ግፊት ላለበት፣ ለአረጋዊ እና ውሃ ለጎደለው ሰው። በየጊዜው የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪም ንገሩ።

✅ ትኩሳት ሲይዛችሁ። ድሬ በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አይታለች። ያኔ መገጣጠሚያ ሲያማቸው በራሳቸው ዳይክሎፌናክ የተወጉ ብዙ ናቸው። ደንጊ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ይህ መድኃኒት የመድማት አደጋን ይጨምራል። ፓራሲታሞል በልኩ፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ከዚያ ምርመራ።

✅ ውሃ። "የድሬ ውሃ ነው ጠጠር ያመጣብን" ትላላችሁ፣ ማንቆርቆሪያው ላይ የሚቀረውን ነጭ ኖራ እያያችሁ። ለጠጠር ግን ከውሃው ዓይነት ይልቅ የምንጠጣው ማነስ ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ። በዚህ ሙቀት ሽንታችሁ ቢጫ ሆኖ ከወፈረ አንሷችኋል። ጫት ስትቅሙ ደግሞ ሻይና ለስላሳ ውሃን አይተካም። (ኩላሊታቸው ለደከመ እና ለልብ ሕሙማን የውሃው መጠን በሐኪም ይወሰናል።)

✅ ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄትና ሥር። "ኩላሊት ያጥባል" ተብሎ የሚሸጥን ነገር ከመውሰዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ለማወቅስ? አራት ነገር ይበቃል፦ የግፊት ልኬት፣ የደም ስኳር፣ ክሬአቲኒን የሚባል የደም ምርመራ እና በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን ማየት። ሁሉም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ይሠራሉ። ግፊት፣ ስኳር ወይም ኤችአይቪ ያለባችሁ፣ ወይም በቤተሰባችሁ የኩላሊት ሕመምተኛ ያለ፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ ታዩ። ፊትና እግር ሲያብጥ፣ ሽንት አረፋ ሲያበዛ ወዲያው ኑ፤ ግን ምልክት እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ኩላሊት የሚናገረው አርፍዶ ነው።

🔹 ምርምሩስ ከንቱ ነው ማለት ነው?

በፍጹም! በአፖኤል1 ላይ ምርምር ስለተደረገ ነው ሥራውን የሚገታ መድኃኒት መሞከር የተቻለው። ኢናክሳፕሊን የሚባል በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ሁለት የተለወጠ ቅጂ ላላቸው የኩላሊት ሕመምተኞች ተሰጥቶ በሽንት የሚፈስሰው ፕሮቲን በ13 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 47.6 በመቶ ቀነሰ። ውጤቱ የታተመው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ የተተነተነው የ13 ሰዎች ውጤት ነው፣ መድኃኒቱን ካልወሰዱ ጋርም አልተነጻጸረም። ግን በር ከፍቷል። ብልቃጧም ተገቢ ቦታዋ ላይ ስትሆን ለምርምር ትጠቅማለች። ቦታዋ የምርምር ላብ ነው።

🔹 ቤተሰቡ ምን ላይ ደረሰ?

ወንድምየውን "ብሩን አታውጣ። ያንን ብር ለአባትህ የእጥበት ወጪ ላክ" አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ "እህቴን ግን አደራ" አለኝ።

እህቱ ለንቅለ ተከላው አዲስ አበባ ከመሄዷ በፊት እዚህ መሠረታዊውን ምርመራ እንጀምር አልኳት። (ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዘመድ ለዘመድ ንቅለ ተከላ እንደሚሠራ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።) የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ አሠርኩ። 152 በ96። "ደረጃ ወጥቼ ነው፣ ሙቀቱ ነው" አለች። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በሌላ ቀን ደገምን። በሌላ ሳምንት ሠለስን። ያው ነው።

ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። አንድም ቀን ተለክታ አታውቅም። ምንም አያማትም።

አለቀሰች። ለራሷ አይደለም። "አባዬን ምን ልበለው?" ብላ ነው። አባቷ ግን ሲሰሙ አቅፈዋት "አልሐምዱሊላህ፣ ያንቺ ቶሎ ታወቀ። የኔን ማንም ቶሎ አላወቀውም" አሏት።

አሁን መድኃኒቷን በየቀኑ ትወስዳለች። ክሬአቲኒኗ ጥሩ ነው፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን የለም። ኩላሊት የመስጠቱን ነገር የንቅለ ተከላ ሐኪሞቹ ወደፊት ይወስናሉ፤ ለጊዜው ግን ታናሽ ወንድሟ ተራውን ይዟል፣ ምርመራ ላይ ነው። አሜሪካ ያለው ታላቅየውም እዚያ የጂን ምርመራውን ሊያደርግ ቀጠሮ ይዟል። አባባ አሁንም ይታጠባሉ፤ እየጠበቅን ነው።

ከባሕር ማዶ በመቶዎች ዶላር የሚመጣ ብልቃጥ ሊያገኝ ያልቻለውን፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው የግፊት መለኪያ በሁለት ደቂቃ አገኘችው።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ ግፊታችሁን ለመጨረሻ ጊዜ የተለካችሁት መቼ ነው? ካላስታወሳችሁት በዚህ ሳምንት ተለኩ። ወላጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ ተራ በተራ እመልሳለሁ። የምርመራ ውጤታችሁን ግን በኮሜንት አትለጥፉ፤ የግላችሁ ነው፣ በኢንቦክስ ላኩልኝ። ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ የሐኪማችሁን ምርመራ አይተካም።

ለአባታችሁ፣ ለእናታችሁ፣ ለሾፌር ጓደኛችሁ ሼር አድርጉት 🙏

ውሃችሁን ጠጣችሁ? ጤና ይብዛላችሁ!